በመስመሮች መካከል አንድ መስመር ስለ መጨመር

ከአዲስ አበባ በዋናው መንገድ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን፥ ደብረ ሲናን፥ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻን ሳይረግጥ ደሴ አይደርስም። እነዚህን ከተሞች በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ በየመስመሩ የጻፈ አንድ ጀማሪ ኮምቦልቻን ቢዘነጋ ግን በከሚሴና በደሴ መካከል እንዴት አድርጎ ያስገባታል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮግራም መጻፍ ለሚማረውም ሆነ በደሴ በአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ለሚይዘው ወጣት ቁም ነገር አለበት።

የብራና ጸሐፊዎቻችን አንድ መስመር ሲዘነጉ በኅዳጉ ላይ ጽፈው መግቢያውን በምልክት ያመለክቱ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባስጻፉት ወንጌልም የኋላ ሰዎች የመሬት ስጦታን የመሰለ ማስታወሻ በባዶው ስፍራ ጨምረውበታል። ብራና አይለጠጥምና።

ፋይልም እንዲሁ አይለጠጥም። ፋይል ማለት በተራ የተሰለፉ ባይቶች ማለት ነው። ዛሬ በሚሠራበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ደሴ» 6፥ «ኮምቦልቻ» 15 ባይት ይሆናሉ። እንግዲህ ጀማሪው ደሴ ከምትጀምርበት ስፍራ ገብቶ ቢጽፍ፥ ኮምቦልቻ ደሴን ገፍታ አታስቀምጣትም፤ ትውጣታለች እንጂ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በፓይተን የተጻፈው ስክሪፕት አስቀድሞ ፋይሉን አንብቦ መስመሮቹን በዝርዝር ይይዛል። ከዚያም ኢንሰርት በሚባለው ትእዛዝ ኮምቦልቻን ያስገባል። ፓይተን የሚቈጥረው ከ0 ጀምሮ ስለሆነ የደሴ ቍጥር 4 ነው፤ «በ4 አስገባ» ሲባል ኮምቦልቻ ከደሴ ትቀድማለች። በስሟ መጨረሻ ላይ የአዲስ መስመር ምልክት ካልተደረገ ግን «ኮምቦልቻደሴ» የሚል አንድ ከተማ ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ይጠፋል! የሚጨመሩት መስመሮች ብዙ ከሆኑ ደግሞ ከታች ወደ ላይ መጨመር ይበጃል፤ ከላይ ከተጀመረ የታችኞቹ ቍጥር ይዛወራልና።

በመጨረሻ ሁሉንም በአዲስ ፋይል መጻፍ፥ 5 የነበረው መስመር 6 መሆኑን ቈጥሮ ማረጋገጥ፥ ከዚያ በኋላ ብቻ የአሮጌውን ስም ለአዲሱ መስጠት ያስፈልጋል። አሮጌው ፋይል እንደ አዲስ ለመጻፍ ሲከፈት አንድ ቃል ሳይጻፍበት ባዶ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ የሚቀር ነገር የለም።

ለስድስት ከተሞች ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ በከተሞቹ ፈንታ የተማሪዎችን ውጤት ወይም የጡረተኞችን ስም ያስብ። በ2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ እንዲህ ባለው ቀን የሚተርፈው ግልባጩ በሌላ ስፍራ የተቀመጠለት መዝገብ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ከመጨመራችሁ በፊት ገልብጡ። አንድ መስመር የሚጨምር እጅ የሌሎቹን ሁሉ አደራ ይዟል።