ተጨማሪ መረጃ፦ ሥጋ የማይበሉ ሞርሞኖች

ሞርሞን ሆኖ ሥጋ መተው ግዴታ አይደለም፤ መሠረቱ ግን በእምነቱ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ነቢያቸው ጆሴፍ ስሚዝ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1833 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት፣ ከርትላንድ ላይ ተቀበልኩት ያለው «የጥበብ ቃል» ትንባሆንና የአልኮል መጠጥን ይከለክላል፤ «ትኩስ መጠጦች» የሚለውም ቡናና ሻይ እንደሆነ ይታመናል። ሥጋን በተመለከተ፣ በቁጠባ እንዲበላ፣ ይልቁንም ለክረምት፣ ለብርድና ለረሃብ ጊዜ እንዲቆይ ይመክራል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ አምስተኛው ፕሬዚዳንት ሎሬንዞ ስኖው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ይህን ምክር አጥብቀው አሳስበው ነበር። ዛሬ ግን ቡና የሚጠጣ አባል ወደ ቤተ መቅደስ መግቢያ ፈቃድ አያገኝም፤ በበጋ ጥብስ የሚበላውን የሚከለክለው የለም። ከአንድ ራዕይ ግማሹ ሕግ ሆኖ ግማሹ መዘንጋቱ ሊጤን የሚገባው ነው።

አትክልት ተመጋቢው የሚቸገረው በማኅበር ማዕድ ላይ ነው። በዩታ ከቀብር በኋላ ለሐዘንተኞች የሚቀርበው የድንች ምግብ እንኳ አይብና ብዙ ጊዜም የዶሮ ሾርባ ገብቶበት የሚጋገር ነው። ሆኖም ሌሎችን ሥጋ እንዲተዉ ማስገደድ አይችልም፤ በ1831 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ሌላ ራዕይ ሰውን ሥጋ አትብላ ብሎ ማዘዝን ይነቅፋል፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት የእንስሳ ደም ማፍሰስንም በዚያው ያወግዛል።