ጨው የሚፈልጡና በረዶ የሚፈልጡ

በአፋሩ ዳሎል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር። ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ ማለት ነው! በሳይቤሪያዋ ኦይምያኮን መንደር ደግሞ በየካቲት 1933 እ.ኤ.አ. ብርዱ ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ ወርዷል።

በዳሎል አካባቢ ጨው ቆራጮች ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ የሚሰማሩት በማለዳ ነው። ረጃጅም እንጨት በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰክተው፣ ተጋግዘው እየተጫኑ የጨዉን ንጣፍ ይፈነቅላሉ። ሌሎች ቁጢጥ ብለው በመጥረቢያ እኩል እኩል ይጠርቡታል፤ ጥርቡ በግመል ተጭኖ ወደ በርሃሌ ከተማ ያቀናል። ድሮ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው አሞሌ ይኸው ነው። አሁን አሁን ግን ጭነት መኪናው የግመሉን እንጀራ እየተሻማ ነው።

በሳይቤሪያ የሚኖረው የያኩት ሕዝብ ገጠሬም ይፈልጣል፤ እሱ የሚፈልጠው ግን ውኃ ነው። ከወንዙ ላይ በረዶ ቆርጦ ደጅ ይከምርና ሲጠማው አስገብቶ ያቀልጠዋል። ሰው ሲሞት ደግሞ መቃብር ለመቆፈር አስቀድሞ እሳት አንድዶ መሬቱን ማለስለስ ግድ ይላል።

የትኛው ይከፋል? ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም። ብርድን በእሳትና በፀጉር ካባ ማታለል ይቻላል፤ ለሙቀት ግን ቆዳ አይገፈፍም። የሰውነት ዋናው መከላከያ ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውኃ ይፈልጋል፣ ውኃ በዳሎል ከሩቅ የሚመጣ ነው።

የያኩት ፈረስ ግን ብርዱ አያሳስበውም፤ ክረምቱን ደጅ ያድራል፣ በረዶውን በኮቴው እየጫረ ከሥር ያለውን ሣር ይግጣል።