ነሰረ እና ሄልፕ፦ ሰርፍ የቀራ ልጅ እንግሊዝኛን ለምን ይፈራል?

 

9ኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን አስነሥተው «እርሱ ይረዳል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። «ሂ ሄልፕ» ብለን ጻፍን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መጨረሻ ላይ የምትገባዋን አንዲት «ኤስ» ዘንግተናት ነበር። የዚያን ዕለት ጧት ግን ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሸኻችን ፊት ተቀምጠን «ነሰረ» የሚለውን የዐረብኛ ግሥ «ነሰረ፣ ነሰራ፣ ነሰሩ...» እያልን በ14 መልኩ አንድም ሳንስት አውርደነው ነበር። ነሰረ ማለት ረዳ ማለት ነው። ሄልፕም ትርጉሙ ያው ነው። ሳቁ ግን ለብዙ ወራት እጃችንን ከማውጣት አስቀረን።

ዛሬ እኛም መምህር ሆነን ይህንኑ በተማሪዎቻችን ላይ እናያለን። ከመድረሳ የመጣ ልጅ ዐረብኛውን በሚገባ እየቻለ «እንግሊዝኛ የኔ አይደለም» ብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፍርሃቱ በአንድ ትምህርት አይቆምም፤ ሁሉንም ይዞበት ይሄዳል። ትምህርቱን ጥሎ የወጣም አይተናል። ይህ ልጅ በእጁ ያለውን መሣሪያ ቢያውቅ ኖሮ ባልፈራ ነበር እንላለን።

አራት መልክ ብቻ

በሰርፍ ትምህርት አንድ ግሥ በማዲ 14፣ በሙዳሪዕ 14፣ በአምር ደግሞ 6 መልክ አለው። የእንግሊዝኛ ደንበኛ ግሥ ግን በጠቅላላው አራት መልክ ብቻ ነው ያለው፦ ሄልፕ፣ ሄልፕስ፣ ሄልፒንግ፣ ሄልፕት። የመጨረሻው ሲጻፍ በ«ኢ» እና በ«ዲ» ያልቃል፤ ሲነበብ ግን ድምፁ እንደ ግሡ ይለያያል። ከሄልፕ በኋላ «ት» ይሆናል። ኦፕን «ኦፕንድ» ይባላል። በ«ቲ» ወይም በ«ዲ» ድምፅ በሚያልቅ ግሥ ላይ ደግሞ «ኢድ» ተብሎ ይነበባል፤ ዎንት «ዎንቲድ» እንደሚባለው።

መልኩ ማነሱ ግን ዋጋ አለው። በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ አድራጊው በግሡ ውስጥ ይታወቃል፤ «ረዳሁ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። በእንግሊዝኛ «ሄልፕት» ብቻ ቢባል ማን እንደረዳ አይታወቅም። ስለዚህ አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ዊ፣ ዜይ የሚሉትን ተውላጠ ስሞች መጣል አይቻልም። ያች እኛን ያሳቀችብን «ኤስ» በአሁን ጊዜ ከሂ፣ ከሺ እና ከኢት ጋር ብቻ ትመጣለች።

ጊዜውን የሚሸከመው ረዳት ግሥ

በትምህርት ቤት 12 ጊዜያት ተብለው የሚዘረዘሩት ሦስቱ ጊዜያት፣ ማለትም ኃላፊ፣ የአሁንና የወደፊት፣ እያንዳንዳቸው በአራት ሁኔታ ሲታዩ ነው። ብዙዎቹን የሚሠሩት ከግሡ ፊት የሚቆሙ ረዳት ግሦች ናቸው። ሰርፍና ነሕው የቀራ ልጅ ይህን አሠራር ያውቀዋል፦

የንሱሩ፦ ሂ ሄልፕስ፤ ይረዳል።
ሰየንሱሩ፦ ሂ ዊል ሄልፕ፤ ወደፊት ይረዳል።
ቀድ ነሰረ፦ ሂ ሃዝ ሄልፕት፤ ረድቷል።
ካነ የንሱሩ፦ ሂ ዋዝ ሄልፒንግ፤ ይረዳ ነበር።
ካነ ቀድ ነሰረ፦ ሂ ሃድ ሄልፕት፤ ረድቶ ነበር።

እነዚህ በሁሉም ቦታ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ለመነሻ ግን በቂ ናቸው። ሁለት ወጥመዶችን እንጥቀስ። አማርኛችን «ዘወትር ይረዳል» እና «ነገ ይረዳል» ሲል ግሡን አይለውጥም፤ እንግሊዝኛ ግን ለነገው «ዊል» ይጨምራል። ሁለተኛው «ትናንት ረድቼዋለሁ» የምንለው ነው። በአማርኛ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዬስተርዴይ» ብሎ ያለፈ ጊዜ ከጠቀሱ በኋላ «አይ ሃቭ ሄልፕት» ማለት ስሕተት ነው፤ «አይ ሄልፕት ሂም ዬስተርዴይ» ይባላል። «ሃቭ» የሚመጣው የድርጊቱ ጊዜ ሳይቆረጥ፣ ነገሩ ከአሁን ጋር ሲያያዝ ነው።

«አልረዳም» ሲባል

ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚስቱት «ሂ ዲድ ኖት ሄልፕት» ብለው በመጻፍ ነው። ትክክሉ «ሂ ዲድ ኖት ሄልፕ» ነው። ለምን? ኃላፊነቱን «ዲድ» ስለወሰደው ግሡ ወደ መነሻው ይመለሳል። ዐረብኛ የቀራ ልጅ «ለም የንሱር» የሚለውን ያስታውስ። ትርጉሙ «አልረዳም» ነው፤ ያለፈ ነገር ነው። ግሡ ግን ሙዳሪዕ እንጂ ማዲ አይደለም፤ ያለፈውን ጊዜ የተሸከመችው «ለም» ናት። ይህን ንጽጽር በክፍል ውስጥ ባሳየን ቀን ከኋላ ወንበር የነበረ አንድ ደረሳ ሳይጠየቅ እጁን አውጥቶ «እንግዲያው 'ደዝ ኖት' ሲመጣም 'ኤስ' ትወድቃለች ማለት ነው?» አለን። አዎን፣ «ሂ ደዝ ኖት ሄልፕ» ነው። ሕጉን እኛ ሳንነግረው ራሱ ደረሰበት።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ! መድረሳው የትምህርት ቤቱን ጊዜ ይሻማል፣ ወይም ትምህርት ቤቱ መድረሳውን ያስረሳል እያላችሁ ልጆቻችሁን በሁለቱ መካከል አታስጨንቁ። አንዱ ለሌላው ረዳት ሊሆን ይችላል። ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ በሸኽ ፊት እንደምናደርገው በየቀኑ አንድ ደንበኛ ግሥ ድምፅን ከፍ አድርጎ በ12ቱ ጊዜያት ማውረድን ይልመዱ፤ አንዱ ሲል ሌላው ያርም። እንደ «ጎ» እና «ራይት» ያሉት ከሕግ የወጡ ግሦች በቃል የሚያዙ ናቸውና ቀስ ብለው ይደርሳሉ።

ለመምህራን ጓዶቻችንም አንድ አደራ አለን። ልጁ ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ክፍሉ እንዳይስቅበት ጠብቁት። አንዲት «ኤስ» በአንድ ደቂቃ ትታረማለች። ያፈረ ልጅ ግን እጁን መልሶ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ወራት ይወስዳል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን። አሚን።