ክኒኗ ከተዋጠች በኋላ

«ደም ብዛት» የሚለው ስም አፋችን ላይ ከተለመደ ቆይቷል፤ ሰውን ግን ያሳስታል። ስሙን የሰማ ሁሉ ደሙ ሞልቶ የተረፈ ይመስለዋል። የሚለካው የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ቅዳዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ክንድ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ተነፍቶ እጅ እስኪደነዝዝ ያጠብቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። የሚነበበው የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒትን ነገር ያነሳል።

አትክልት የሚያጠጣ ሰው የጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲያጠበው ከጣቱ ወዲህ ያለው ጎማ ይወጠራል። ቧንቧውን አብዝቶ ቢከፍተውም ያው ነው። ሰውነታችንም ውስጥ ግፊት የሚጨምረው ወይ ፈሳሹ ሲበዛ፣ ወይ ልብ በኃይል ስትረጭ፣ ወይ መንገዱ ሲጠብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተደራርበው ይመጣሉ። መድኃኒቶቹም እያንዳንዳቸው የሚገቡበት በር የተለያየ ነው። ሁለት ዓይነት ክኒን የታዘዘለት ሰው ሁሉ በሽታው የከፋበት ነው ማለት አይደለም።

ብዙዎች «የሚያሸናው» የሚሉት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሥራው ኩላሊት ውስጥ ነው። ኩላሊት ካጣራው ጨው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳል፤ መድኃኒቱ ከመመለሻዎቹ አንዱን ይዘጋል። ጨው በሽንት ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል። የሚገርመው፣ ከሳምንታት በኋላ የፈሳሹ መጠን ወደ ቀድሞው ሲጠጋ እንኳ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ ደም ስሮቹ ራሳቸው ላልተዋልና። ፖታሲየምም አብሮ ስለሚወጣ አልፎ አልፎ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

የሌላው መድኃኒት፣ የኢናላፕሪል፣ ታሪክ የሚጀምረው ከእባብ ነው። ኩላሊት ግፊት የወረደ ሲመስለው ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ከእሱ ተነስቶ፣ በአንድ ኢንዛይም አጋዥነት፣ ደም ስሮችን አጥብቆ የሚያኮማትር አንጂዮቴንሲን ሁለት ይፈጠራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬይራ በጃራራካ እባብ መርዝ ላይ ይመራመር ነበር፤ በመርዙ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያግድ በኋላ ታወቀ። ከዚያ ተነስተው ኩሽማንና ኦንዴቲ ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ ኢናላፕሪል ተከታዩ ነው። ኢንዛይሙ ግን ብራዲካይኒን የሚባለውንም ይሰባብር ነበር። ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል፣ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ጉንፋን ነው ብሎ ወራት የሚታገስ ሰው ያሳዝነኛል፤ ለሐኪሙ ቢናገር ሎሳርታን በሚባል መድኃኒት ሊቀየርለት ይችላል። ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ግን ፅንስን ይጎዳሉ፤ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው እንደ ሜቲልዶፓ ያለ ሌላ መድኃኒት ነው።

አቴኖሎል የሚባለው ደግሞ የልብን ምት ያዘገያል። በድንገት ማቆም፣ በተለይ ልቡን ለሚያመው ሰው፣ አደገኛ ነው።

ወደ አምሎዲፒን ልለፍ፤ ብዙ ቤት ያለችው ክኒን እሷ ናት። በደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ ቀጭን ጡንቻ አለ፤ ጡንቻው የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ሲገባ ነው። አምሎዲፒን መግቢያውን ያጠብበታል፣ ጡንቻው ይላላል፣ መንገዱ ይሰፋል። (ከወተት ጋር አይገናኝም፤ ወተት ማቆም አያስፈልግም።) ትንሽ መስፋት ደግሞ ብዙ ነው፤ የቧንቧው የውስጥ ወርድ በግማሽ ቢጠብ ፈሳሹን የሚገታው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። ቁርጭምጭሚት የሚያብጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው፦ ደም ቅዳው ሲሰፋ ደም መልሱ እኩል ስለማይሰፋ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል።

ይቺ ክኒን ቀርፋፋ ናት። ከሰውነት ግማሿ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅባታል። በቀን አንድ ጊዜ የምትበቃው፣ ሙሉ ጉልበቷም ከሳምንት ገደማ በኋላ የሚታየው ለዚህ ነው። ቀርፋፋነቷ ግን ያሳስታል። አንዲት እናት ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንኩ» ብለው ክኒኑን ይተዉታል እንበል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ባለ መለኪያ ይለካሉ፤ 130/80 ይላል። ደስ ይላቸዋል፤ በዚያች ቀን ግን ግፊቱን ይዞ ያቆየላቸው ባለፈው ሳምንት የዋጧቸው ፍሬዎች ርዝራዥ ነው።