የቡና ገለፈትን ወደ ዶሮ መኖ ስለምትለውጠው ዝንብ

በከፋ አውራጃዎች የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ያለው ነጋዴ፣ የለቀማው ወራት በደረሰ ቁጥር አንድ የማይሸጥ ዕቃ በእጁ ይቀራል፤ ይኸውም ገለፈቱ ነው። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት በመሆኑ፣ 100 ኩንታል የገዛ ሰው 40ውን ኩንታል ዋጋ ከፍሎ ያመጣው ለመጣል ነው። ክምሩ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ውሃው ይበላሻል፤ ከወንዙ በታች የሚኖረውም ሕዝብ ይቀየማል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የቡናው ስም ከደኑና ከውሃው ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ይህን ትርፍ ነገር ለጥቅም ከሚያውሉት ዘዴዎች አንዱ ጥቁር ወታደር ዝንብ የተባለችውን ማርባት ነው። የትውልድ አገርዋ አሜሪካ ቢሆንም ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች ትገኛለች። ስሟን ሰምቶ ፊቱን የሚያጨማድድ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከቤት ዝንብ ጋር ልትቆጠር አይገባም፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ እህል ስለማትፈልግ በማዕድ ላይ አታንዣብብም፤ ጥቂት ቀን ኖራ፣ 500 ያህል እንቁላል ጥላ ትሞታለች።

ሥራውን የሚሠሩት እጮቹ ናቸው። በሁለት ሳምንት ግድም ውስጥ የቀረበላቸውን ትርፍራፊ ከግማሽ በላይ ያጎድሉታል። እጩ የመለወጫው ጊዜ ሲቃረብ መብሉን ትቶ ደረቅ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በሣጥኑ ጎን ዘንበል ያለ መወጣጫ ቢሠራለት በራሱ እግር ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፤ ለለቀማ የቀን ሠራተኛ መቅጠር አያሻም። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስላለው ለዶሮና ለዓሣ መኖ ይሆናል፤ የሚተርፈውም ብስባሽ ለማሳ ፍግ ነው።

ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ካፌይንና ታኒን የእጩን እድገት ያዘገያል። በኤል ሳልቫዶር እጩን በቡና ገለፈት ላይ ለማሳደግ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሲሆን፣ ዛሬ የሚመከረው ገለፈቱን ከሌላ ትርፍራፊ ጋር ማደባለቅ ነው። በቦንጋ ገበያ የሚጣለው አትክልትና የሙዝ ልጣጭ ለዚህ ይበቃል፤ ለቀማው ካለፈ በኋላም እጮቹ በዚያው ይቆያሉ። የቦንጋ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት የሚይዝ ዳስ ያስፈልጋል።

ላኪው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ከነፍሳት የተገኘ ፕሮቲን በ2009 ዓ.ም. ለዓሣ መኖ፣ በ2013 ዓ.ም. ለዶሮና ለአሳማ መኖ እንዲውል ፈቅዷል፤ ነገር ግን በሆቴል ፍርፋሪ ወይም በእበት ያደገውን አይቀበልም። ስለዚህ በውጭ ገበያ የሚያስብ ነጋዴ የሆቴሉን ትርፍራፊ ከመጀመሪያው ለይቶ ማስቀረት ይኖርበታል። ለጊዜው ግን ቅርቡ ደንበኛ የኑግ ፋጉሎ ገዝቶ ዶሮ የሚያረባው የአገሩ ሰው ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው የአንዱን ኪሎ ዋጋ ከፋጉሎው ጋር አስተያይቶ ነው።