ያውቁ ኖሯል? የካፋ ማር ለመታጠቢያ እንክብል አይበጅም
እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው፣ ውሃ ሲነካው እየተፍለቀለቀ የሚሟሟው የመታጠቢያ እንክብል፣ በቤት ውስጥ የሚሠራው ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳን ከአንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም ሎሚን ከሚያኮመጥጠው ንጥረ ነገር፣ ጋር በደረቁ በመደባለቅ ሲሆን፣ ሁለቱ ውሃ ሲያገኙ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ጋዝ ነው። ስለዚህ በካፋ ዞን በቦንጋ ለማሽቃሬ ባሮ፣ ለካፋ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል፣ እንዲህ ያለ እንክብል ለስጦታ የሚያሰናዳ ሰው፣ የአካባቢው መኩሪያ ቢሆንም እንኳ፣ ማር መጨመር አይገባውም፤ ከማር ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ውሃ ፍልቅልቁን ያለጊዜው ያስጀምረዋልና። ለመዓዛ ከካፋ ደን የሚለቀመው ኮረሪማ፣ ልሞ የተፈጨ ጥቂት ብቻ፣ ይበቃል። የአካባቢው አየር እርጥበት ስለሚበዛበት፣ የደረቀው እንክብል እስከ በዓሉ ዕለት አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ይቀመጥ።