ርካሹና መካከለኛው የአደን ጠመንጃ፦ የዋጋው ልዩነት ያለው የት ላይ ነው?

በእጅ እየተቀረቀረ የሚተኮስ ጠመንጃ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ውጅግራ የምንለው፣ ስሙን «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የወሰደው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ፣ አሠራሩ ይኸው ነበር፦ እጀታውን ወደ ላይ ማንሣት፣ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ መሳብ፣ ጥይት ማጉረስ፣ መልሶ መቀርቀር። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር ንድፉን ካሻሻለና የጀርመን ጦርም እ.ኤ.አ. በ1898 ከተቀበለው ወዲህ መሠረታዊው ሐሳብ እምብዛም አልተለወጠም። ዛሬም የፊንላንድና የአሜሪካ አዳኞች አጋዘን የሚያድኑት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጠመንጃዎችን በምሳሌነት እንወስዳለን። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለው፣ በርካሹ መደብ የሚመደበው አሜሪካዊው «ሩገር አሜሪካን» ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፊንላንዱ «ቲካ ቲ3ኤክስ» ሲሆን ዋጋው የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ ተኩል ያህልና ከዚያም በላይ ነው። ገዥው ሁለቱን የሚያነጻጽረው በተለምዶ 100 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት በመለካት ነው። ይህ መለኪያ ግን ከሚገልጠው የሚሰውረው ይበዛል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ጥይቶቹ ወደ ጎንም ወደ ላይም በኖርማል ስርጭት ሕግ የሚበተኑ ከሆነ፣ የሦስት ጥይት ስብስቦቹ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ ጠመንጃ አንዳንዴ 2፣ አንዳንዴ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ቢያስመዘግብ ሊያስደንቀን አይገባም። መደበኛ ልይይቱ ከአማካዩ 37 በመቶ ያህል ነውና! ያው ጠመንጃ ዐሥር ጥይት ቢተኮስበት ስብስቡ በአማካይ ወደ 4.7 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አማካዩ 3 የሆነውን ጠመንጃ 3.6 ከሆነው በአስተማማኝ ሁኔታ ለመለየት ስናሰላው ከእያንዳንዱ መቶ ያህል ጥይት መተኮስ ያስፈልጋል። በአንዲት የሦስት ጥይት ወረቀት «ይኸኛው ይበልጣል» የሚል ሰው፣ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውሮ ስለ ሳንቲሙ ጠባይ ከሚመሰክር ሰው እምብዛም አይሻልም።

ልዩነቱ ከዚህ ያነሰበትም ምክንያት አለ። የሁለቱም ጠመንጃዎች የብረት ቱቦ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። የተበሳ ወፍራም ብረት ውስጥ የጠመዝማዛ ቦዮቹን ቅርጽ በግልባጭ የያዘ ጠንካራ ዘንግ ይገባና የመሣሪያው መዶሻዎች ብረቱን ሳይግል በዙሪያው ይቀጠቅጡታል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን ጥሩ ቱቦ በፍጥነትና በብዛት ያወጣል። ሌላው የአሜሪካ አምራች ሳቬጅ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው «110» በተባለው ጠመንጃው ቱቦውን በዳዶ በማጥበቅ፣ ቀድሞ የባለሙያ እጅ ይጠይቅ የነበረውን ልኬት አቃልሎታል።

እንግዲያስ ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው? በእኛ አስተያየት በዋነኛነት ሰደፉና መቀርቀሪያው ላይ ነው።

ጥይት ሲተኮስ ቱቦው እንደ ክራር ክር ይርገበገባል፤ አረሩም በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ርግብግቢቱ ሳይበርድ ይወጣል። ርግብግቢቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው የሰደፉ የፊት ክፍል ቱቦውን አንዳንዴ ሲነካ፣ አንዳንዴ ሳይነካ ሲቀር ነው። በብዙ ርካሽ ጠመንጃዎች ላይ የሚገኘው ስስ የፕላስቲክ ሰደፍ ግንድ ላይ ሲደገፍ ወይም ማንገቻው ሲወጠር ይለመጣል። በተኩስ ሜዳ፣ ለስላሳ የአሸዋ ከረጢት ላይ የማይታየው ይህ እንከን ጫካ ውስጥ ይገለጣል።

ሁለተኛው የመቀርቀሪያው ልስላሴ ነው። የሁለቱም እጀታ የሚነሣው እንደ ማውዘሩ 90 ሳይሆን 70 ዲግሪ ነው፤ ይህም እጅ ከመነጽሩ ጋር እንዳይጋጭ ይረዳል። ሆኖም የመምቻውን ሞላ ለመወጠር የሚያስፈልገው ኃይል (ኢነርጂ) ያው ሆኖ በአነሰ ማዕዘን ከተከፋፈለ፣ የሚፈለገው የማዞር ጉልበት 90 ለ70፣ ማለትም 1.3 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ይህንን ሸክም የሚያቀለው የተወለወለ የብረት ገጽ ነው፤ ቲካው የሚመሰገነውም በዚሁ ነው። የመሣሪያ ጭረት ያልጠፋለት መቀርቀሪያ ግን በጭንቅ ሰዓት ሊያዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከላይ ያሰላነው ጠመንጃ 200 ሜትር ላይ ዐሥር ጥይቶቹን ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚያሳርፍ፣ ርካሹም ቢሆን ለሥራው ይበቃል። እንስሳውን አቁስሎ ለቀናት ስቃይ የሚዳርገው የተለመጠ ሰደፍ፣ የዘገየ ሁለተኛ ጥይት፣ ከሁሉም በላይ ያልተለማመደ ክንድ ነው። የዋጋውን ልዩነት በልምምድ ጥይት ላይ ማዋልም ስለዚህ አንድ ምክንያታዊ ምርጫ ነው።

ለገዥ የሚጠቅም አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ወረቀት ብቻ ይበቃል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ወረቀቱን በቱቦውና በሰደፉ መካከል ማንሸራተት፣ ቀጥሎም የሰደፉን ጫፍ በአውራ ጣት ወደ ቱቦው እየተጫኑ መድገም። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከተያዘ፣ ግንድ ላይ ሲደገፍም ቱቦውና ሰደፉ መነካካታቸው አይቀርም።